ቀብድ ከፍዬ ፈርሜያለሁ፤ የቤት ግዢ ውሉን ማፍረስ እችላለሁ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ሰሚት አካባቢ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በ5 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ለመግዛት ተስማማሁ። ደላላው ቢሮ ውስጥ፣ ምስክሮች ባሉበት፣ ውል ተፈራረምን። 500 ሺህ ብር ቀብድ በሻጩ አካውንት አስገባሁ። ቀሪውን በ30 ቀን ውስጥ ከፍዬ፣ ውልና ማስረጃ ሄደን ስም ሊያዞርልኝ ነበር። አሁን 18ኛው ቀን ላይ ነን። ባንኩ ብድሩን አልፈቀደልኝም። ባለቤቴም ቤቱን ካየችው ወዲህ አልተዋጠላትም። ውሉ ‹ያፈረሰ ወገን ላከበረው ወገን 600 ሺህ ብር፣ ለመንግሥት 50 ሺህ ብር ገደብ ከፍሎ ውሉ የጸና ይሆናል› ይላል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ በሦስት ቀን ውስጥ ማፍረስ ትችል ነበር አለኝ። ደላላው ደግሞ ገዛህም አልገዛህም 2 ፐርሰንቴን ትከፍላለህ እያለ ነው። ምን ይሻለኛል?»

ምላሽ፦

ከሦስት ቀኑ ወሬ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። በኢትዮጵያ ሕግ ቤት የገዛ ሰው ከፈረመ በኋላ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» ብሎ በነጻ የሚወጣበት የተቆረጠ ቀን የለም። ሦስት ቀንም የለም፣ ሳምንትም የለም። ወንድምዎ የሰሙት ነገር እዚያም ቢሆን ብዙ ሰው የሚያምታታው ነው። አሜሪካ ውስጥ የሦስት ቀን መብት በአገር ደረጃ የሚታወቀው የሚኖሩበትን ቤት አስይዘው ብድራቸውን በሌላ ብድር ለሚቀይሩ፣ ወይም ቤት ለቤት ከሚዞር ሻጭ ዕቃ ለሚገዙ ሰዎች ነው። ለቤት ግዢ አይሠራም። አንዳንድ ግዛቶች የራሳቸው ደንብ አላቸው። ኒው ጀርሲ ለምሳሌ የቤት ሻጭ ወኪል ያዘጋጀውን ውል ጠበቃ እንዲያየው ሦስት የሥራ ቀን ይሰጣል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድም የኮንዶ ማኅበሩ ሰነድ የደረሰው ገዢ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲወጣ ይፈቅዳሉ። ሰሚት ላለው ቤት ግን ይህ ሁሉ አይረዳዎትም።

የኛ ሕግ ገዢውን መውጫ አሳጥቶታል ማለቴ ግን አይደለም። መውጫ አለ፤ በክፍያ ነው። ክፍያው ደግሞ አስቀድመው የከፈሉት ቀብድ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቀብድ የሚናገርባቸው ቁጥሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1883፣ 1884 እና 1885። የመጀመሪያው ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው ይላል። ሁለተኛው ውሉ ሲፈጸም ቀብዱ ከዋጋው ላይ ይታሰባል ወይም ይመለሳል ይላል። የእርስዎ ጉዳይ ሦስተኛው ላይ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ወገን የሰጠውን ትቶ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ቀብድ የተቀበለውም የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ መልሶ ማፍረስ ይችላል። እርስዎ ከወጡ 500 ሺህ ብሩ ይቀራል። ሻጩ የተሻለ ገዢ አግኝቶ ከወጣ ደግሞ 1 ሚሊዮን ብር ይመልስልዎታል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር አያስተውልም። በ1885 መሠረት የሚወጣ ሰው አጥፊ አይደለም። ሕጉ በሰጠው መብት ነው የሚጠቀመው። ምክንያት እንዲያቀርብም አይጠየቅም። ብድሩ ተከልክሎ ይሁን፣ ባለቤትዎ ፀሐይ አይገባውም ብለው ይሁን፣ ለሕጉ አንድ ነው። ቀብዱን ለቀው ይወጣሉ። ሻጩም ከዚያ በላይ የደረሰብኝ ጉዳት አለ ብሎ ኪሳራ ሊጨምርብዎት አይገባም።

ታዲያ ጉዳዩ እዚህ ያበቃ ነበር፤ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» የምትለዋ ሐረግ ባትኖር። ክርክሩ ሁሉ የሚገባው በእሷ በኩል ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን አውጥተው ስለ 500 ሺህ ብሩ የተጻፈውን መስመር ያንብቡ። «ቀብድ» ይላል ወይስ «ቅድሚያ ክፍያ»? በጥያቄዎ ላይ ቀብድ ብለውታል። ሰው ሲያወራ ሁሉንም ቀብድ ነው የሚለው። ፍርድ ቤት የሚያየው ግን የተጻፈውንና የተዋዋዮቹን ሐሳብ ነው። «ከጠቅላላ ዋጋው ላይ ብር 500,000 ቅድሚያ ተከፍሏል» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ ሻጩ «ይህ የዋጋው ክፋይ እንጂ ቀብድ አይደለም፤ ስለዚህ በ1885 መውጣት አትችልም» ብሎ ሊከራከር ይችላል። ይህ ክርክር ለእርስዎም ይጠቅማል። ቀብድ ካልሆነ፣ ውሉ ሲፈርስ ገንዘቡ እንዲሁ የሚወረስበት ምክንያት የለም። ሻጩ መልሶ፣ ደርሶብኛል የሚለውን ጉዳት ማስረዳት ይኖርበታል። ወይም ገደቡን ይጠይቃል።

ወደ ገደቡ እንሂድ። ይቺ «ገደብ ከፍሎ ውሉ የጸና ይሆናል» የምትል ዓረፍተ ነገር በየደላላው ቢሮ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጣ ለመኪናውም፣ ለቤቱም፣ ለሱቅ ዕቃውም ስትገለበጥ የምትኖር ናት። ከሥሯ ብዙ ጊዜ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት» የሚል ይከተላታል። የሚፈርመው ሰው እነዚያ ቁጥሮች ምን እንደሚሉ ይቅርና የራሱን ገደብ እንኳን ልብ ብሎ አያነብም። 1731 ውል በሕግ አግባብ ከተደረገ በተዋዋዮቹ ላይ ሕግ ነው የሚል ነው። 2005 ደግሞ የተጻፈና የተፈረመ ሰነድ በፈራሚዎቹ መካከል የመጨረሻ ማስረጃ ነው የሚል ነው። ስለዚህ «ቃል በቃል ያወራነው ሌላ ነበር» የሚለው ክርክር ብዙ ርቀት አይወስድም።

ገደብ ራሱ የሚገዛው ከ1889 ጀምሮ ባሉት ቁጥሮች ነው። ሦስት ነገር ይወቁ። ገደቡን ለመጠየቅ ሻጩ ጉዳት እንደደረሰበት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ውሉ በከፊል ካልተፈጸመ በስተቀር ዳኛው «በዝቷል» ብሎ ገደቡን አይቀንሰውም። በሌላ በኩል ደግሞ ቁጥር 1890 ሻጩ ገደቡንና የውሉን መፈጸም አንድ ላይ እንዲጠይቅ አይፈቅድለትም፤ ገደቡ ለመዘግየት ወይም ለተጓዳኝ ግዴታ የተቀመጠ ካልሆነ በቀር። እናም «600 ሺህ ከፍለህ ውሉም ይጸናል» የሚለው ዛቻ እንደተጻፈው አይሠራም። አንዱን መምረጥ አለበት። ለመንግሥት ይከፈላል የተባለው 50 ሺህ ብር እንቅልፍ አይንሳዎት። መንግሥት የግለሰቦች ውል ፈረሰ ብሎ ገደቡን ሊቀበል ሲመጣ አይቼ አላውቅም።

የገደቡ አንቀጽ የቀብዱን መውጫ ይዘጋዋል ወይ? ጠበቆች የምንለያየው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ «ሌላ ስምምነት ማለት ይኸው ነው፤ ያፈረሰ 600 ሺህ ይከፍላል ብለን ተስማምተናል» ይላል። እኔ ብሆን ለእርስዎ የምከራከረው እንዲህ ነው፦ ገደብ የተቀመጠው ውሉን ለጣሰ ሰው ነው፤ ቀብዱን ትቶ የወጣ ሰው ውል አልጣሰም፤ ስለዚህ ሁለቱ አንቀጾች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ የቀብዱን መውጫ ለመዝጋት ቢፈልጉ ኖሮ በግልጽ ይጽፉት ነበር። ጠንካራ ክርክር ነው ብዬ አምናለሁ። እርግጠኛ ውጤት ነው ብዬ ግን አልሸጥልዎትም። በተለይ «የጸና ይሆናል» የሚለው ቃል ሻጩን ይረዳዋል።

እስካሁን ያወራነው ውሉ በሕግ ፊት ውል ነው ብለን ነው። ግን ነው ወይ?

እርስዎ የፈረሙት ደላላ ቢሮ ነው። ውልና ማስረጃ ገና አልሄዳችሁም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ቁጥር 1720 ደግሞ ሕግ ያዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ውል የለም፣ ረቂቅ ብቻ ነው ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን ጥብቅ አድርጎ ተረጎመው። ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል አይጸናም አለ። ውሳኔው ብዙ ተተችቷል። ቤት ሸጦ፣ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ዋጋው ሲወደድ «ውሉ አልተመዘገበም» ለሚል ሻጭ በር ከፈተ ተባለ። ትችቱ ተገቢ ነበር። በኋላ በተሰጡ ውሳኔዎች ሻጩ ውሉን መፈራረሙን ካልካደ የምዝገባው ጉድለት ብቻውን ውሉን ዋጋ አያሳጣውም የሚል አቅጣጫ መጥቷል።

ለሻጮች የጠቀመው ያ በር ለገዢም ይሠራል። ውሉ ረቂቅ ከሆነ የቀብዱም የገደቡም አንቀጽ አብሮት ረቂቅ ነው። ያኔ የሚሠራው ቁጥር 1815 ነው፤ ተዋዋዮቹ ከውሉ በፊት ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ማለትም 500 ሺህ ብሩ ይመለስልዎታል። ነገር ግን ይህን የሚከራከር ሰው ሻጩ «አዎ ተፈራርመናል፣ እኔም ለመፈጸም ዝግጁ ነኝ» ብሎ ቢቀርብ ምን እንደሚጠብቀው ማወቅ አለበት። እርስዎም መፈራረማችሁን አይክዱም፤ መካድም የለብዎትም። ገንዘቡ በባንክ ገብቷል፣ ምስክሮች አሉ። በሐሰት ክዶ ከመሸነፍ ይልቅ «ተፈራርመናል፣ ግን ሕጉ ያዘዘው ፎርም ገና አልተሟላም» ማለት ይሻላል።

እንግዲህ አንድ ወረቀት ሦስት የተለያየ ሂሳብ ያወጣል። ውሉ ረቂቅ ነው ከተባለ 500 ሺህ ብሩ ይመለስልዎታል። ቀብድ ነው፣ 1885 ይሠራል ከተባለ 500 ሺህ ብሩን ያጣሉ፤ ሌላ አይጠየቁም። ውሉ የጸና ነው፣ ገደቡ ይሠራል ከተባለ 600 ሺህ ብር ዕዳ ይኖርብዎታል፤ የተከፈለው 500 ሺህ ከዚያ ላይ ይታሰባል ብዬ እጠብቃለሁ። በሦስቱም ሂሳብ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ፍርድ ቤት ተኪዶ፣ ይግባኝ ተብሎ፣ ሰበር ተደርሶ የሚባክነው ዓመትም ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ነው ሻጩም ለድርድር ምክንያት አለው የምለው። እሱም የትኛው ሂሳብ እንደሚወጣ አያውቅም። ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስም ቤቱን ለሌላ ለመሸጥ ይቸገራል፤ በተለይ እግድ ከወጣበት።

ብድሩስ? «ባንኩ ከለከለኝ» የሚለው ብቻውን ከውል ነጻ አያወጣም። ከአቅም በላይ የሆነ ነገር የሚባለው ማንም ሊገምተው የማይችልና መፈጸምን ፈጽሞ የሚያግድ ሲሆን ነው፤ ቁጥር 1792 ይህን ነው የሚለው። ብድር ሊከለከል እንደሚችል ማንም ያውቃል። ሻጩም የገንዘቡ ምንጭ ምን እንደሆነ አያገባውም፤ ውሉ ላይ ካልተጻፈ በስተቀር። ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ሕጉ ከቁጥር 1869 ጀምሮ በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ውል ይፈቅዳል። «ገዢው ከባንክ የጠየቀው ብድር እስከዚህ ቀን ካልተፈቀደ ውሉ ይፈርሳል፤ የተከፈለው ገንዘብ በ10 ቀን ውስጥ ይመለሳል» የሚሉ ሁለት መስመሮች ናቸው። ደላላው «ሻጩ አይቀበልም» ይላል። አንዳንዱ ሻጭ አይቀበልም፤ እውነት ነው። ሳይጠየቅ አይቀበልም የተባለው ግን ይበዛል። ብድሩ ሳይፈቀድ ከዋጋው አንድ አሥረኛውን ቀብድ መክፈል ቁማር ነው። ይህን የምለው ገና ላልፈረሙት ነው።

የባለቤትዎ ጉዳይ። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ስለ መግዛት ግን እንዲህ አይልም። ስለዚህ «ሚስቴ አልተስማማችም» ውሉን አያፈርስልዎትም። የሚገርመው፣ ከ500 ብር በላይ ለመበደር ግን የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ባንኩ የእሳቸውን ፊርማ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

አሁን አንቀጹን ገልብጠው ወደ ሻጩ ያዙሩት። ሻጩ ያገባ ነው? ሚስቱ ፈርማለች? ካልፈረመች፣ ውሉን ማስፈረስ የምትችለው እሷ ናት፤ ባወቀች በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ። ይህ መብት የእርስዎ አይደለም። ግን በእጅዎ ያለ የድርድር ነጥብ ነው። «ባለቤትህ ሳትፈርም 4 ሚሊዮን 700 ሺህ ብር አልከፍልም» ማለት የየትኛውም ገዢ መብት ነው። ክልል ውስጥ ያለ ቤት ከሆነ የክልሉን የቤተሰብ ሕግ ማየት ያስፈልጋል፤ 213/1992 በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው።

ሻጩ ላይ የሚገኝ ጉድለት ካለ መውጫዎ ነጻ ይሆናል፤ ገንዘብዎም ይመለሳል። ስለዚህ ቀብዱን ለመተው ከመወሰንዎ በፊት የቤቱን ፋይል ያስመርምሩ። ውል ስትፈራረሙ ካርታ ኮፒ አይተው ይሆናል። ኮፒ ዕዳና እገዳ አይናገርም። ክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ መረጃ ዘንድ ፋይሉ ይናገራል። ኮንዶሚኒየም ስለሆነ ሁለት ነገር በተለይ ይዩ።

የመጀመሪያው የባንክ ዕዳ ነው። ብዙ የ20/80 እና የ40/60 ቤቶች በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር የተገዙ ናቸው፤ ዕዳው ሳይዘጋ ስም አይዞርም። ሻጩ ዕዳውን በእርስዎ ገንዘብ ሊዘጋው አስቦ ይሆናል። ይህ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ ደብቆ ከሆነ ግን ነገሩ ይቀየራል።

ሁለተኛው የ5 ዓመቱ ክልከላ ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለ5 ዓመት እንዳይሸጥ ተከልክሏል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚሸጥ ሰው ውልና ማስረጃ ፊት ሽያጭ ብሎ መፈረም ስለማይችል ነገሩን በውክልናና በብድር ውል ይሸፍነዋል። «ለጊዜው ውክልና እሰጥሃለሁ፣ ዓመቱ ሲሞላ ስም አዞርልሃለሁ» የሚል ነገር ከሰሙ፣ ያ ቤት ገና የሚሸጥ ቤት አይደለም። ሕግ የከለከለውን ነገር ለመፈጸም የተደረገ ውል ደግሞ ፈራሽ ነው። ያኔ ቀብዱን መልቀቅ አያስፈልግዎትም፤ ወደ 1815 ይሄዳሉ።

ቤቱ የሻጩ ካልሆነ፣ ሌሎች ወራሾች ካሉና ከደበቀዎት፣ ወይም እግድ እንዳለበት እያወቀ የለበትም ካለ፣ ተንኮል የሚባለው ውስጥ ይገባል፤ ቁጥር 1704። ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ የሚችሉት ተንኮሉ ከተገለጠ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። አንዱን ቤት ለሁለት ሰው መሸጥማ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 ማታለል የሚለው ነው፤ ፖሊስ ጋር ይኬዳል። የፀሐዩ ማነስ፣ የደረጃው ብዛት፣ የጎረቤቱ ጫጫታ ግን እዚህ ውስጥ አይገቡም። ቤቱን አይተው ነው የፈረሙት።

ፋይሉ ንጹህ ሆኖ ተገኘ እንበል። 12 ቀን ቀርቶዎታል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ስልክ አለማንሳት ነው። ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። 30ኛው ቀን አልፎ ሳይከፍሉ ከተገኙ በ1885 መብቱን የተጠቀመ ሳይሆን ግዴታውን ያልፈጸመ ሰው ይሆናሉ። ገደቡ የሚጠብቀው ደግሞ እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

በቅድሚያ ሻጩን በአካል ያግኙት፤ ከተቻለ ያለ ደላላው። እውነቱን ይንገሩት። ብዙ ጊዜ የሚሳካው ሦስት ዓይነት ስምምነት ነው። አንዱ ጊዜ ማራዘም ነው፤ ሌላ ባንክ መሞከር ከፈለጉ። ሁለተኛው ሌላ ገዢ ማምጣት ነው፤ አዲሱ ገዢ ሲገባ የእርስዎ ገንዘብ ይመለሳል። ሦስተኛው ከቀብዱ ከፊሉን ለሻጩ ትቶ የቀረውን መቀበል ነው። ገበያው እየጨመረ ከሆነ ሻጩ ቤቱን ነገ በተሻለ ዋጋ ይሸጠዋል፤ ያንን እሱም ያውቃል።

ከተስማማችሁ በቃል አትተዉት። ቁጥር 1819 ተዋዋዮች ተስማምተው ውላቸውን እንዲያስቀሩ ይፈቅዳል። «በዚህ ቀን የተፈራረምነው ውል ፈርሷል፣ ይህን ያህል ብር ተመልሷል፣ ከዚህ በኋላ አንዳችን በሌላችን ላይ ምንም መብት የለንም» ብላችሁ ጻፉና ፈርሙ። በመጀመሪያው ውል ላይ የነበሩት ምስክሮች እዚህም ቢፈርሙ ጥሩ ነው። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ የተመዘገበ ውል ቢሆን ኖሮ ማፍረሻውም እዚያው ሄዶ መመዝገብ ነበረበት። የተፈረመውን ዋናውን ቅጂ ከሻጩ መልሰው ይቀበሉ፤ ደላላው ዘንድ ያለውንም።

ካልተስማማችሁ ቀኑ ሳያልፍ ይጻፉለት። አጻጻፉ ላይ ይጠንቀቁ። «ቤቱን አልፈልግም፣ ገንዘቤን መልስ» የሚል ደብዳቤ በኋላ ላይ «አልፈጽምም ብሎ በጽሑፍ አሳውቋል» ተብሎ ይቀርብብዎታል፤ ሻጩም ማስጠንቀቂያ እንኳን ሳይሰጥዎት ገደቡን ሊጠይቅ ይችላል። ይልቅ እንዲህ ይጻፉ፦ ውሉ በቁጥር 1723 የታዘዘውን ፎርም ያላሟላ በመሆኑ በ1815 መሠረት የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ፤ ውሉ የጸና ነው ቢባል እንኳን በአማራጭ በ1885(1) የተሰጠኝን መብት ተጠቅሜ ከዛሬ ጀምሮ ውሉን አፍርሻለሁ። «በአማራጭ» የምትለዋን አይርሱ። ሁለቱንም ክርክር ታቆይልዎታለች። ደብዳቤውን በአደራ ፖስታ ይላኩት ወይም በምስክር ፊት ይስጡት። ቴሌግራምም ላይ ፎቶውን ይላኩለት፤ መነበቡን የሚያሳዩት ሁለቱ ምልክቶች ማስረጃ ይሆናሉ።

በዚህ መሃል ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። ለቀሪው ክፍያ ቼክ ሰጥተዋል? አንዳንድ ሻጭ «ለዋስትና» ብሎ ቀኑ ወደፊት የተጻፈ ቼክ ይይዛል። ሰጥተው ከሆነ ከሁሉ በፊት እሱን ያስመልሱ። በቂ ገንዘብ የሌለው ቼክ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ነው፤ የቤቱ ክርክር የፍትሐ ብሔር ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሌላው፣ ከ500 ሺህ ብሩ በተጨማሪ በእጅ የሰጡት ገንዘብ አለ? ወይም ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ከተስማማችሁበት ያነሰ ነው? ግብር ለመቀነስ ተብሎ ዋጋ አሳንሶ መጻፍ የተለመደ ነው። ውል ሲፈርስ ግን የሚመለሰው የተጻፈው ነው። ያልተጻፈውን በምስክር ላስረዳ ቢሉ ቁጥር 2005 እና 2006 ፊትዎ ይቆማሉ።

በነገራችን ላይ ይህ ሁሉ የሚመለከተው ተሠርቶ ያለቀ ቤት የገዛን ሰው ነው። ከሪል ስቴት ገና ያልተሠራ ቤት በፕላን የገዛችሁ አንባቢዎች ይህን ምላሽ እንዳለ ወስዳችሁ አትከራከሩ። ቁጥር 2876 ያልተሠራን ቤት የሚመለከት ውል ወደ ግንባታ ሥራ ውል ደንቦች ነው የሚመራው። እዚያ ላይ ደግሞ ኩባንያዎቹ «ገዢው ካቋረጠ ከከፈለው ላይ ይህን ያህል ፐርሰንት ተቀንሶ ይመለሳል» የሚል የራሳቸው አንቀጽ አላቸው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የሪል ስቴት አዋጅም አለ። እሱ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

የቀረው ደላላው ነው። «ገዛህም አልገዛህም» የሚለው የእሱ አባባል እንጂ ሕግ አይደለም። ከእሱ ጋር የፈረሙት ወረቀት ካለ ያንብቡት፤ ክፍያው መቼ ነው የሚገባው የሚለው? «ውል ሲፈረም» ካለ ይከራከርዎታል። «ስም ሲዞር» ካለ ወይም ምንም ወረቀት ከሌለ፣ እርስዎ ያለዎት መልስ ሽያጩ ገና አልተጠናቀቀም፣ እጃችን ላይ ያለውም ረቂቅ ነው የሚል ነው። 2 ፐርሰንቱ ከ5 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ላይ ሲሰላ 104 ሺህ ብር ይመጣል። ስም ላልዞረበት ቤት ይህን ያህል አይከፈልም። ለደከመበት ትንሽ ነገር ሰጥተው ደረሰኝ ወይም የፈረመበት ወረቀት ይቀበሉት። የሚሰጡት ግን ከሻጩ ጋር ያለው ነገር በጽሑፍ ካለቀ በኋላ ይሁን። እስከዚያ ምስክርዎ ሊሆን የሚችል ሰው ነው።